የሸጥኩት ክራር

የሸጥኩት ኪቦርድ ነው፤ ክራሯ ውስጡ ነበረች። መኖሯንም ዐውቅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ኑዛዜውን የሚጀምርበት «ሳላውቅ» የሚለው ቃል ለእኔ አይሆንም።

ኪቦርዱ ያማሃ ዲኤክስ7 ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 1,995 ዶላር ነበር፤ ከ150 ሺህ በላይ ተሽጧል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል፤ በዚያ ዘመን የፈረንጅ የፍቅር ዘፈኖች ላይ ጥርት ብሎ የሚያቃጭለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለእኔ የሰጡኝ ሙዚቃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፤ ስማቸውን አልጽፍም። በሰዓት እላፊው ዘመን ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱም ማቆም አይችልም። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ልትወስዳቸው ጉዳያቸው ሲያልቅ ኪቦርዱን በታክሲ ጭነው እኔ ስቱዲዮ አመጡትና «ያንተ ነው» አሉኝ። አደራ አላሉም። ለዓመታት ራሴን ስከላከል የኖርኩት በዚህች ነጥብ ነው፤ አደራ አላሉም እኮ።

ዲኤክስ7 ውስጥ የተቀዳ ድምፅ የለም። ያሉት ኦፕሬተር የሚባሉ ስድስት የድምፅ ማመንጫዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሞገድ በፍጥነት እያወዛወዘ አዲስ ድምፅ ይወልዳል። ኤፍኤም የሚባለውን ይህን መንገድ በ1967 ያገኘው ጆን ቻውኒንግ የተባለ የስታንፎርድ የሙዚቃ ሰው ነው፤ ያማሃ ፈቃዱን ወስዶ ኪቦርድ አደረገው። ስድስቱ ማመንጫዎች በ32 ዓይነት አሰላለፍ ይደረደራሉ፤ አንድ ሳውንድ ብቻውን ከ140 በላይ ቁጥሮች አሉት። ይህን ሁሉ የምትቀይረው ግን በአንዲት ተንሸራታች መግፊያና በጠፍጣፋ ቁልፎች፣ ሁለት መስመር ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ላይ አፍጥጠህ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ ሳይነካ ኖረበት።

ጋሼ ነኩት። ክራር ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ክሩ ለቅጽበት ከፍ ይልና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እሱን ቁጥር በቁጥር ሠሩት። ቁልፉን በስሱ ሲነኩት የጅማት ክር ልስላሴ ይወጣል፤ ጫን ሲሉት ጥፍር የነካው፣ ትንሽ የሚነዝር ድምፅ ይመጣል። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ በሙሉ የጣታቸው ጉልበት ነው። ቦታ ቁጥር 17 ላይ አስቀመጧት። አጠገቧ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ስም ያላወጡላቸው ሌሎችም ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏት ነበር፤ የመጀመሪያው ዲኤክስ7 እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ መቃኘት አይችልም። ትዝታ ላይ ብዙም አያስታውቅም፤ አንቺሆዬ ላይ ግን ክራሯ በፒያኖ ቅኝት ታስራ ትቀራለች። ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ይከፋ ነበር። «ግማሽ ክራር ናት» ይሉ ነበር።

ኪቦርድ ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ የሚለውን ክርክር ከጋሼ ጋር የጀመርኩት ገና አገር ውስጥ ሳሉ ነው። ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር፤ ላፕቶፕ የገዛ ወጣት አቀናባሪ ደግሞ ዝም አይልም። ዲኤክስ7 14 ኪሎ ይመዝናል፤ መውጫው አንድ ብቻ፣ ሞኖ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሳውንድ እንጂ ባስና ክራር አብሮ አያጫውትም። ላፕቶፑ ሙሉ ባንድ ይዞ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዘፈኑን ከነሳውንዱ ያስቀምጣል፤ ዘፋኙ ከወር በኋላ መጥቶ «ያኛው ይሻል ነበር» ሲል ያኛው እዚያው ይገኛል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን የቀዳውን ሥራ ሳይቀር ለማስረጃ ጠቅሻለሁ፤ ዛሬ ቢሆን እሱም ላፕቶፕ ይዞ ነበር የሚቀመጠው አልኳቸው። (ሶፍትዌሮቼ በሙሉ ክራክ እንደነበሩ አልነገርኳቸውም። ይህም ይጻፍ።)

ጋሼ ብዙ አልመለሱልኝም። አንድ ቀን ብቻ ኪቦርዱን መታ መታ አድርገው «ይሄስ ኮምፒውተር አይደለም እንዴ? መልኩ ነው እንጂ የተለየው» አሉ።

እውነት ነበር። ሚኒሙግ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ማስታወሻ የለውም፤ ሳውንዱን ማቆየት ከፈለግህ የመቆጣጠሪያዎቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ትሥላለህ። ዲኤክስ7 ግን ከነአካቴው ቁጥር ነው። እኔ ንግግራቸውን የሰማሁት እንደ ሽንፈት ነው። ቁጥር ከሆነማ ቁጥርን ላፕቶፕ ይበልጥ ይችልበታል፤ ክርክሩ አለቀ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለላፕቶፑ የድምፅ ካርድና ተጨማሪ ራም ፈለግሁ። ደላላ ገዢ አመጣልኝ። ሰውየውን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም፤ ማታ ማታ የሚጫወት መሆኑን ብቻ ነገረኝ። ብሩን ቆጠርኩ፤ በሩ ድረስ አብሬው ኪቦርዱን ተሸከምኩ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። የዲኤክስ7 ማስታወሻ 32 ሳውንድ ይይዛል፤ አንዱ 128 ባይት ነው። በጠቅላላ 4,096 ባይት። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁሉንም በሚዲ ኬብል ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ጥቂት ቁልፍ መጫንና ጥቂት ሰኮንድ መጠበቅ ነው። ኬብሉ ነበረኝ። እንዲያውም ተሰክቶ ነበር፤ ለገዢው ስሰጠው እኔው ነኝ የነቀልኩት። አሠራሩንም ዐውቅ ነበር።

ለምን አልገለበጥኩም? ሰውየው በር ላይ ቆሞ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ቆሞም ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከእውነተኛ ክራር የተቀዳ ሳውንድ አለኝ ብዬ ነበር ማለትም እችላለሁ፤ ነበረኝም። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ብገለብጣት ኖሮ እዚያ ዕቃ ውስጥ እኔ የሌለኝ ነገር አለ ብዬ ማመኔ ነው፤ ያን ሁሉ ተከራክሬ ያንን ማመን አልፈለግሁም።

ሶፍትዌር በመምረጤ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። እንጀራዬን በልቼበታለሁ፤ ከዚያች ጠባብ ክፍል የወጣው ሥራ ሁሉ ያለ ላፕቶፕ አይወጣም ነበር። ግን ዘላቂ ነው ብዬ የሰበክሁት ነገር ዘላቂ አልነበረም። አፕል በ2019 ካታሊና የተባለውን ሲስተም ሲያወጣ ባለ32 ቢት ፕሮግራሞችን መቀበል አቆመ፤ ሳላስብ አፕዴት አደረግሁና ግማሹ መሣሪያዬ በአንድ ሌሊት ጠፋ። የድሮ ፕሮጀክቶቼን ስከፍት ትራኩ አለ፣ ኖታው አለ፣ ድምፅ የለም። ክራክ ስለነበሩ አቤት የምልበትም አልነበረኝም።

ጋሼ የደወሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ዴክስድ የሚባል ፕሮግራም ጭኖላቸዋል፤ ነፃ ነው፤ ዲኤክስ7ን እንዳለ ያስመስላል፤ የጥንቱን ኪቦርድ ፋይሎችም ያነብባል። ድምፃቸው ውስጥ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ጉጉት ነበር። «እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ መቃኘት ይቻላል አለኝ እኮ ልጁ! አንቺሆዬን በልኳ! በል ያችን ክራር ላክልኝ።»

ሶፍትዌር አይገባቸውም ያልኳቸው ሰውዬ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚጠቅም ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል። ግማሿን ክራር ሊሞሏት ነው። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ ጋሼ፣ ከኪቦርዱ ላይ ገልብጬ እልካለሁ።»

ኪቦርዱን መሸጥ ስሕተት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስሕተት አይባልም።

ዴክስድን ጫንኩና ክራሯን በጆሮዬ ልሠራት ተቀመጥኩ። የነበረኝ ጋሼ ድሮ አብረውኝ የቀዱት አንድ ዘፈን ነው፤ ክራሯ መግቢያው ላይ ትሰማለች፣ ከባስና ከከበሮ ጋር። ኤፍኤም ደግሞ ወደ ኋላ አያስኬድም። የአንዱን ማመንጫ መጠን በጥቂቱ ብትነካው ክራር የነበረው ቆርቆሮ ይሆናል። ብዙ ሌሊት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ግን ከዘፈኑ መግቢያ ጋር ጎን ለጎን ሳጫውታት መለየት አቃተኝ። ኮራሁ፤ ይህንንም አልደብቅም። ፋይሉን ስሟን ጽፌ፣ ቦታ 17 ላይ አድርጌ ላክሁ።

የረሳሁት ነገር ጣት ነው። ቀረጻው ላይ ጋሼ የተጫወቱት በአንድ ዓይነት ጉልበት ነበር፤ እኔም የሠራሁት ለዚያ ጉልበት ብቻ ነው። በስሱ ሲነኩት ምን ይል እንደነበር ቀረጻው አይናገርም። እኔም ገምቼ ሞላሁት።

ከቀናት በኋላ ደወሉ። አመሰገኑኝ፤ መረቁኝም። ከዚያ ዝም አሉና እንዲህ አሉ፦ «ክራሯስ ራሷ ናት። እኔ ነኝ እንጂ። በስሱ ስነካት አልመልስ አለችኝ። ጣቴ ደንዝዟል መሰለኝ፤ እርጅና ነው።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «አይዞዎት ጋሼ፣ ይለምዱታል» የሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ክራሯ አንሥተው አያውቁም። ልጃቸውን ስጠይቃት መጫወት እንደተዉ ነገረችኝ። ኪቦርድ መሸጥ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ሰው በገዛ ጣቱ እንዲጠራጠር ማድረግ ግን የምን ጉዳይ እንደሆነ ስም አላገኘሁለትም።

ስቱዲዮ የሚመጡ ልጆች አሁንም ያንን ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ሲንተሳይዘር ልግዛ ወይስ ፕለጊን ይበቃኛል? ገንዘብ ካለህ የምትወደውን፣ ከሌለህ ላፕቶፑን እላቸዋለሁ፤ ነፃዎቹ ዛሬ ከበቂ በላይ ናቸው። የድሮ ዕቃ የማይሞት የሚመስላቸውም አሉ። ሮላንድ ጁኖ-106ን ይመልከቱ፤ የድምፅ ቺፖቹ ተራ በተራ እየሞቱ ባለቤቶቹ በየጊዜው ቴክኒሻን ይፈልጋሉ። ሶፍትዌሩ በአፕዴት ይሞታል፣ ዕቃው በቺፕ። የሠራኸውን ሳውንድ ከዚያ ውስጥ በምን ታወጣዋለህ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ያፈጡብኛል። እኔም በእነሱ ዕድሜ አፍጥጬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይህን ከመጽሔት እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ሽያጩን፣ ያልገለበጥኩትን፣ አስመስዬ ሠርቼ የላክሁትን ክራር፣ ሁሉንም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

«እና ጣቴ ደኅና ነው?» አሉ።

«ደኅና ነው ጋሼ።»

ቀጥለው የተናገሩትን እዚህ ሁሉንም አልጽፈውም፤ የሚገባኝን ብለውኛል። ሲበርድላቸው «ለማን ነው የሸጥከው?» አሉ። አላውቀውም አልኳቸው። «ባትሪውን እንዳይቀይረው!» ብለው ጮኹ። ልክ ናቸው። ዲኤክስ7 ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ማስታወሻውን የሚያቆየው ውስጡ ባለች አንዲት የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደች ናት። እሷ ከተነቀለች ወይም ከደከመች ሠላሳ ሁለቱም ሳውንዶች ይሄዳሉ። ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት አስቀይረዋት፣ ሳውንዶቹን አንድ በአንድ ከደብተር መልሰው አስገብተዋቸው ነበር። ደብተሩ የት ገባ ብዬ ስጠይቅ ከአገር ሲወጡ ከተጣሉት ወረቀቶች ጋር መሄዱን ነገሩኝ።

እንግዲህ ዲኤክስ7 የገዛህ ወንድሜ፣ ወይም ከእሱ የገዛህ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ክበብ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ያስቀመጥከው፦ ከመግፊያው በስተግራ ሲጋራ ያቃጠላት ምልክት አለች፤ የመጨረሻው ወፍራም ቁልፍ ጠርዙ ተሸርፏል። ክፈተውና ቁጥር 17ን ተጫን። በስሱ ንካት፤ ከዚያ ጫን በል። ክራር ካለችህ፣ እባክህ ቴክኒሻን ጋ አትውሰዳት፤ የዚህን መጽሔት ጽሕፈት ቤት ሰዎች አግኛቸውና እኔ ኬብልና ላፕቶፕ ይዤ ያለህበት እመጣለሁ። ኪቦርዱን መልስልኝ አልልህም፤ ልሽጥልህ ካልክም በዋጋው አልከራከርም።