መቃብር የሌለው ሰው ስም

ለንደን ሳለሁ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ጎረቤት ነበሩኝ። አንድ ቀን «ና፣ አያቴን ላሳይህ» ብለው ታወር ሂል ወሰዱኝ።

አያታቸው የንግድ መርከብ ሠራተኛ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርከቡን ሰርጓጅ መታው፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ሐውልቱ ላይ በሁለቱ ጦርነቶች ባሕር የቀሩ 36,000 ገደማ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ስም አለ፤ በየመርከባቸው። ካፒቴኑ ከሞተ እሱ ይቀድማል፣ ሌላው በፊደል ተራ ነው። አሮጊቷ ስሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሕጉ መርከብ ሲሰጥም ደሞዝም ያበቃል ይል ነበር» አሉኝ። «ሴት አያቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችውም።»

ቀጥለው «ፍሪሜሰንም ነበር» ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኛ ጋ ቃሉ ሲነሳ ሰው እንደሚያማትብ ታውቃላችሁ። ግን ግሬት ኩዊን ስትሪት ያለው፣ በ1933 ያለቀው ትልቁ ሕንፃቸው የተሠራው በዚያ ጦርነት ለሞቱባቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው። የ3,225 ሰው ስም በጥቅልል ተጽፎ የነሐስ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሣጥኑ ያረፈው ሸምበቆ መሀል በቆመች የነሐስ ጀልባ ላይ ነው። ጉዞዋን ጨርሳ ዳር የደረሰች ጀልባ ናት አሉ።

እሷን ሳይ ወደ የመን ሲሻገር የቀረው ተማሪዬ ትዝ አለኝ። የክፍሉ ልጆች ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። እናቱ «አስከሬኑን ሳላይ» እያሉ እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጡም። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም የለውም። የድሮው የስም መጥሪያ ደብተሬ ላይ ግን አለ፣ ተራ ቁጥር 17። ትናንት ማታ አውጥቼ አየሁት።