ብረቱን እንዳትቆርጪው

ጋዜጠኝነት ተመርቆ ሥራ ያጣ ሰው ምን ይሠራል? አንዳንዱ ብሎግ ይጽፋል (ይኸው እንደምታዩት)፤ አንዳንዱ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያስስ ይውላል። እኔ ባለፈው ክረምት ሦስቱንም ሞክሬ ሲሰለቸኝ የአባቴን ሳይክል ፈታሁት።

አዲስ አበቤዎች ሳይክል ሲባል ምን እንደሚታያችሁ እንጃ። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ግን ሳይክል ማለት እግር ማለት ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ዳገት ያማረው ሰው እስከ ቤዛዊት መሄድ አለበት። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዳቦ አዳዩ፣ ሁሉም ፔዳል ላይ ነው። አባቴም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሚሠራበት ዘመን የሌሊት ፈረቃ የሚገባውም የሚወጣውም በሳይክል ነበር። (ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው። የሳይክል ዕቃዎቻችን ስም ሁሉ ከጣልያንኛ መምጣቱን ሳስብ፣ ካሳው በብር ብቻ ሳይሆን በቃላትም የተከፈለን ይመስለኛል፦ ቸርኬ፣ ካመራዳሪ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን።)

ሳይክሉ ፎኒክስ ነው። ሻንጋይ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ባለ 28። ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በደረቅ ዘንግ ነው የሚሠራው፤ መሪው ላይ ያለውን እጀታ ስትጨብጡት ዘንጉ ተስቦ ላስቲኩን ከቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ጋር ያጋጥመዋል። ዝናብ ሲሆን ግን ማቆሙ የእግዜር ፈንታ ነው። ከኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሚችል ፖርቶመጋላ አለው። ከፊት አግዳሚው ብረት ላይ ደግሞ አባቴ በሁለት ቡሎን ያሰራት ትንሽ የልጅ መቀመጫ ነበረች። የእኔ ወንበር። መዋዕለ ሕፃናት የተመላለስኩት እዚያ ላይ ተቀምጬ፣ የአባቴ አገጭ አናቴን እየነካኝ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ወንድሜ በአሥር ዓመቱ፣ ቁመቱ ለመቀመጫው ሳይደርስ፣ አንድ እግሩን በአግዳሚው ሥር አሾልኮ እየተንጠለጠለ ለመደ። እኔ ስጠይቅ «አንቺ ይቅርብሽ» ተባልኩ። ለምን? መልስ የለም። የጎረቤት ሴቶች ግን ሴት ልጅ ሳይክል ከነዳች «ክብሯን» ታጣለች የሚለውን ነገር ለእናቴ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የምታነቡ ሴቶች ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ የምታነቡ ወንዶችም ሰምታችኋል፣ ዝም ያላችሁት ግን እናንተ ናችሁ። የሚገርመው በሠፈራችን ሳይክል የሚነዱ ልጃገረዶች ሞልተው ነበር። እኛ ቤት ብቻ ነው ያልተቻለው። በመጨረሻ የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ በጓደኛዬ ሳይክል ነው፤ በሃያ ዓመት መውደቅ በአሥር ዓመት እንደመውደቅ አይደለም፤ ይጠዘጥዛል።

ፎኒክሱ አባቴ ጡረታ ከወጣና ጉልበቱን ማመም ከጀመረው ወዲህ ጓዳ በር ላይ ቆሞ ይውላል። አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ ሳፈጥ ቢኤምኤክስ የሚባለው ነገር ውስጥ ገባሁ። ታሪኩ ደስ ይላል። በካሊፎርኒያ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሞተር ሳይክል የሚገዛላቸው ያጡ ልጆች በተራ ሳይክል አቧራ ላይ ሞቶክሮስ መጫወት ጀመሩ። በብዛት የሚይዙት ሽዊን የተባለው ኩባንያ በ1963 ያወጣውን ስቲንግሬይ ነበር። የልጆቹ ጨዋታ አድጎ አድጎ በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ማሪን በሚባለው አካባቢ ደግሞ ሌሎች ወጣቶች ከቆሻሻ መጣያና ከጓሮ የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን ከባድ ሽዊኖች እየለቀሙ፣ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ ወፍራም ጎማ እየገጠሙ ከተራራ ይወርዱባቸው ነበር። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ነው። አንዱ ቁልቁለት እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ታች ሲደርሱ የኋላው ሞዞ ግሪስ ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር እንደገና ግሪስ መሙላት ግድ ነበር። መንገዱንም በዚሁ ጠሩት፤ «እንደገና ሙላ» እንደማለት። የመጀመሪያው ውድድር እዚያ የተካሄደው በ1976 ነው።

ይህን አይቼ ወደ ጓዳ በር ዞር ብል ፎኒክሱ ቆሟል። ከባድ፣ አሮጌ፣ ማርሽ የሌለው። ሐሳቡ የመጣልኝ በዚያች ደቂቃ ነው፦ ቴላዮው ይቀመጥ፣ ሌላው ሁሉ ይለወጥ፤ ወፍራም ባለ 26 ጎማ፣ መሐሉ ላይ ማገር ያለው ከፍ ያለ የቢኤምኤክስ መሪ፣ የኋላ ፔዳል ፍሬን። ክሩዘር ይሉታል።

አባዬን ለማስፈቀድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ «ፍቺው» አለ። «የምትፈቺው ግን የሚመለስ ነገር ይሁን። ብረቱን እንዳትቆርጪው። ብየዳም አላይም።» ቃል ገባሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ የፔዳሉ ክንድ ነው። በድሮ ሳይክሎች ክንዱን ከመሐል ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቻቬታ የሚባል ሾጣጣ ብረት ነው፤ በዳዶ ይጠብቃል፣ ከዓመታት በኋላ ግን ከዝገቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ዳዶውን ፈትቼ በመዶሻ ብነርተው ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተደፈጠጠ። ላምባ አጠጣሁት፣ አሳደርኩት፣ ደግሜ ነረትኩት። እማዬ «ጎረቤት ቤት የምናፈርስ ይመስለዋል» አለች። በሦስተኛው ቀን ገበያው አጠገብ ወዳሉት ሳይክል ጠጋኝ ጋሼ ይዤው ሄድኩ። እሳቸው ምንም ሳይናገሩ ከክንዱ ሥር ወፍራም የብረት ቱቦ አስደገፉና አንድ ጊዜ ብቻ መቱት። ወጣ። «የምትመቺው ጉልበት የሚገባው ቻቬታው ውስጥ ሳይሆን ኩሽኔታው ውስጥ ነበር» አሉኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ እንደዚህ አጭር ማብራሪያ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ጋር መዋል ጀመርኩ። የኋላ ፔዳል ፍሬን ያለው ሞዞ ያገኘነው ከተሰባበረ የአውሮፓ ሳይክል ላይ ነው፤ 36 ቀዳዳ። ባለ 36 ቀዳዳ ቸርኬ ፈልገን ሽቦውን ጋሼ እያሳዩኝ እኔ ሰካሁት፤ ሁለቴ ተሳስቼ ሁለቴ ፈታሁት። የሞዞው ስፋት ከፎኒክሱ የኋላ ብረት ጋር ልክክ አለ። የማውንቴን ባይክ ሞዞ ቢሆን ኖሮ ብረቱን በጉልበት መበርገድ ያስፈልግ ነበር። የፍሬኑ ክንድ በቀበቶ ዓይነት ማሰሪያ ብረቱ ላይ ታሰረ፤ ብየዳ የለም፤ ቃሌን ጠበቅኩ።

መሪው ላይ ግን ልንጣላ ነበር። ከልጆች ቢኤምኤክስ የነቀልነው የመሪ አንገት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፎኒክሱ ቱቦ ደግሞ 22 አካባቢ ይፈልጋል። እኔ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጬ ጠቅልዬ ልሞላው ስል ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ጥርስሽን ትወጃለሽ?» አሉ። ትክክለኛውን አንገት ፈልገን እስክናገኝ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። ባለ 28ቱ ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 26ቱ 559 ነው። ግማሹን ስታሰሉት ሳይክሉ ወደ 4 ሳንቲም ገደማ ዝቅ ይላል፤ የጎማው ውፍረት አንድ ሳንቲሙን ይመልሳል። ሦስት ሳንቲም ምን አላት ትሉ ይሆናል። ኩርባ ላይ እየረገጣችሁ ስትታጠፉ ፔዳሉ አስፋልቱን ሲፍቅ ታውቁታላችሁ። የፊት ፍሬኑም ቀረ፤ ዘንጉ አዲሱን ቸርኬ አይደርስበትም። «አንድ ፍሬን ይበቃኛል፣ የማሪን ልጆችም ተራራ ወርደውበታል» አልኩ። ጋሼ ዝም አሉ።

የልጅ ወንበሯ ለብቻዋ አንድ አንቀጽ ይገባታል። ከአግዳሚው ላይ ስፈታት ከሥሯ ያለው ቀለም እንደ አዲስ ያበራል። ዙሪያው ሁሉ በፀሐይና በሱሪ ፍተጋ ነጥቷል፤ እኔ የተቀመጥኩበት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ጥቁር ናት። ሙሉውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብርቱካናማ ልቀባው ቀለም ገዝቼ ነበር። ተውኩት። ቀለሙ ጓዳ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ።

መስከረም ላይ አለቀ። ሁለት ሳምንት ከተማውን ዞርኩበት። ልጆች «ሞተሩ የት አለ?» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ከዚያ የማሪንን ቪዲዮ ያየ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ እየገፋሁ ቤዛዊት ወጣሁና ቁልቁል ለቀቅኩት። መሐል ላይ ካቴናው ወለቀ። የኋላ ፔዳል ፍሬን ያለው ሳይክል ካቴናው ሲወልቅ ፍሬን የለውም፤ በቃ፣ ምንም የለውም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩት፤ እንደ ባዶ ወፍጮ ዞረ። ወደ ዳር ጎትቼው ሣር ውስጥ ገባሁ። ክርኔና አገጬ ተላጠ፣ የግራ እጄ አበጠ። በኋላ ሳየው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የኋላውን የግራ ዳዶ በደንብ አላጠበቅኩትም፤ ጎማው ወደ ፊት ተንሸራቶ ካቴናው ላልቷል።

ቤት ስገባ እማዬ ጮኸች። አባዬ አልተናገረም። በማግስቱ ስነሣ የፊት ጎማው ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል፣ የፊት ሹካው የለም፣ አባዬም የለም። ወደ ድሮው ሊመልሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ከምሳ በኋላ ሹካውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ከግራና ከቀኝ፣ ቀለሙ በተቃጠለበት ቦታ፣ ከተጣለ ማውንቴን ባይክ የተቆረጡ ሁለት ትንንሽ የፍሬን መያዣ ጉጦች ተበይደውበታል። ኪሱ ውስጥ በገመድ የሚሠራ ፍሬን ከነእጀታው ነበረው።

«በአንድ ፍሬን የሚነዳ ማነው ያለሽ?»

«ብየዳ አላይም ብለህ አልነበር?»

«አላየሁም። ሲበየድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

አብረን ስንገጥመው ጠየቅኩት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ለምን እንደከለከለኝ። ለረጅም ጊዜ ገመዱን ሲያስተካክል ቆየ። «የሴቶቹን ወሬ አላመንኩትም» አለ። «ሰው ግን ያምነዋል። ብትወድቂ የሚያወሩት ስለ ጉልበትሽ አይደለም። እሱን ፈራሁ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ፈርቼ ነው አልልሽም ነበር ያኔ። አባት ነኝ፣ አይሆንም አልኩ፣ አለቀ» አለ። እኔም «ገባኝ» አላልኩም። ብዙ ዓመት ነው። «ኪያቤውን አቀብለኝ» አልኩት፤ አቀበለኝ።

ማታ ላይ ሊሞክረው ወጣ። ጉልበቱ እንደሚያመው አስታወስኩት፤ አልሰማኝም። ዕድሜ ልኩን ፔዳል ወደ ኋላ ማሽከርከር ልማዱ ነው፤ ሲነሣ እንደለመደው አሽከረከረውና ሳይክሉ እንደ በቅሎ ቀጥ አለ። አፍንጫው መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው!» እያለ ግቢውን ሦስቴ ዞረና፣ መሪው የዝንጀሮ ነው ብሎ፣ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ልጠጣ ስወጣ ሳይክሉ ቦታው ላይ አልነበረም። የአባዬ ኮፍያም እንዲሁ።