ሳይቃጠል በቅጠል ያልኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ጓደኝነት ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። «እኛ የታክሲ ሂሳብ የቸገረን ሰዎች መኪና ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩኝማ! ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የእህቴ ላብም አለበት።

እህቴ ታላቄ ናት። «እትዬ» ነው የምላት። ገና በጠዋቱ፣ በልጅነቷ፣ ከሐይቅ ተነስታ ዓረብ አገር ገባች። እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጃገረዶች ማለት ነው። የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ስምንት ዓመት ሞላት። ከምትልከው ገንዘብ ለእናታችን መድኃኒትና ለአስቤዛ የሚሆነው እየተነሳ የቀረው ሲጠራቀም ቆየና አንዲት ያገለገለች መኪና ተገዛበት። የእትዬ ሐሳብ ግልጽ ነበር። መኪናዋ እናታችንን ደሴ ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፤ እትዬ ጠቅልላ ስትመጣ ደግሞ ትሸጥና ሱቅ ይከፈትባታል። እስከዚያው ባለአደራው እኔ ነኝ። አይ ባለአደራ!

መኪናዋ ከእነዚያ ትንንሽ ግን ከፍ ከፍ ካሉት ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት የላንድክሩዘር ታናሽ እህት ትመስላለች፤ ኮፈኗ ሲከፈት ግን ያለችው 1,500 ሲሲ ሞተር ናት። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሠሪዎቿ አይደለምና። ይህ ዓይነት መኪና ሱዙኪ ቪታራ በ1988፣ ቶዮታ ራቭ ፎር ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋሉ ወዲህ በዓለም ላይ ተወዳጅ ሆኗል። ለከተማ ይመቻል፣ ኮረኮንች ላይ ሆዱ ቶሎ አይነካም፣ ቁመናውም ሸጋ ነው። መዘዙም ያለው እዚሁ ቁመናው ላይ ነው። ከፍ ስላለ ብቻ ሁሉን የሚችል ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን እንደተረከብኩ መጀመሪያ ምን ገዛሁላት መሰላችሁ? ዘይት? ፊልትሮ? ኧረ ወዲያ! የመቀመጫ ልብስና ሁለት ትልልቅ ስፒከር! ሐይቅ ከተማ ላይ ሙዚቃዬን ከፍ አድርጌ ሳልፍ ዞር ብሎ የማያየኝ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የራዲያተሯ ውኃ መጉደል ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ መሬቱ ረጥቦ አየዋለሁ። ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? ከቧንቧ በጆግ እየቀዳሁ እሞላለሁ። አንድ ቀን ላቫጆ ስታጠብ አንዱ የጋራዥ ልጅ አያትና «ወንድም፣ የራዲያተሯ ክዳን ላስቲኩ አልቋል። ክዳኑን ቀይረው፣ ቀዩን ወይም አረንጓዴውን ኩላንት ሙላባት» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት። አልቀየርኩትም። «ለአንድ ክዳን ምን ያስቸኩላል?» ብዬ ነዋ!

ጥር ላይ የጓደኛዬ ሠርግ ኮምቦልቻ ሆነ። እኔም ባለመኪና ሚዜ ሆኜ ተጠራሁ። ስንመለስ አምስት ሰው ሞልተናል፣ ከኋላ ሻንጣና ሁለት ሳጥን ለስላሳ አለ፣ ኤሲው ተከፍቷል፣ ስፒከሮቹ ይጮኻሉ። ከጎኔ ደግሞ ልቤ የከጀላት ልጅ ተቀምጣለች። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል።

ሐረጎን ስንጀምር የሙቀቷ መርፌ መሐል ላይ ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ከፍ አለች። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ቀዩ ጋ ደረሰች። ልጅቷ ናት ቀድማ ያየቻት። «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ምንም አይደል፣ አብሽሪ!» አልኳት። አያችሁልኝ? በሰው ፊት፣ በተለይ በእሷ ፊት፣ መንገድ ዳር ቆሜ ኮፈን መክፈት አፈርኩ። አንድ ኩርባ፣ አንድ ኩርባ እያልኩ ነዳሁ። በመጨረሻ መኪናዋ ጉልበቷ ከዳት፤ ነጭ እንፋሎት ከኮፈኗ ሥር ቡልቅ አለ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘፈኑ ግን መጮኹን ቀጥሏል። እንዴት እንዳሳፈረኝ አትጠይቁኝ!

አንዱ ጓደኛችን ጨርቅ ይዞ ክዳኑን ሊከፍት ሲል ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሹፌር «ተው አንተ! ፊትህን ትልጠዋለህ!» ብሎ ጮኸበት። ያ ሰው ባይደርስ ኖሮ የሠርጉ ቀን ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር። የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ሲላቀቅ ውኃው እንደ ፏፏቴ ነው የሚወረወረው። እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ተጎትተን ደሴ ገባን። መካኒኩ ሸበት ያሉ አባት ናቸው። የዘይት መሙያውን ከፍተው በጣታቸው ጠረግ አደረጉና አሳዩኝ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፤ ውኃ ገብቶበታል። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይቺ መኪና ስንት ቀን ለመነችህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ተጣሟል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ መስተካከል አለበት። ካልሆነ ሌላ መግዛት ነው።

ሥራው ሳምንታት ፈጀ። እኔም ከጋራዡ አልጠፋም ነበርና ከእኚህ ሰው ብዙ ተማርኩ። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ደሴ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዚህ ነው ያች የናቅኳት ክዳን ወሳኝ የሆነችው። ውስጡን አፍና ግፊት ስለምትፈጥር ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ታደርጋለች። ኩላንቱም እንዲሁ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲሞላ ግን ራዲያተሩ ይዝጋል፣ በደለል ይደፈናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃ እየጎደለ መሙላት ሕክምና አይደለም። የሚጎድል ከሆነ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ፈልጉት።

ሁለተኛ፣ ደጋ ላይ ጉልበትም ይቀንሳል። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል አቅም ያጣል። ደሴ ላይ ሩቡ ሄዷል ማለት ነው። መቶ ፈረስ ያላት መኪና ሰባ አምስት ይቀራታል። በዚህ ላይ አምስት ሰውና ኤሲ ጨምሩበት! ሽቅብ ስትወጡ መርፌዋ ከመሐል ካለፈች ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስብለታል። ካልወረደች ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ማፈር የለም!

ሦስተኛ፣ ቁልቁለቱ። ሐረጎን ስትወርዱ በፍሬን ብቻ ከተማመናችሁ ሸራው ይግላል፣ ፍሬኑም አልይዝ ይላል። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት። ሲያፏጭ የሰማችሁት ሸራ እየጠራችሁ ነው፤ ሲፋቅ ከሰማችሁ ግን ዲስኩን መብላት ጀምሯል።

አራተኛ፣ እግሯ። እንዲህ ዓይነት መኪኖች አብዛኞቹ የሚጎትቱት በፊት ጎማ ብቻ ነው። ከፍታቸውን አይታችሁ ጭቃ ውስጥ እንዳትከቷቸው። መሪ ሙሉ በሙሉ ስታዞሩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጎማውን የሚያዞረው አክስል መጋጠሚያ እየተበላ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ በላዩ ያለው ላስቲክ መቀደዱ ነው። ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ አክስሉ ውድ። ኮረኮንች ላይ «ኳ፣ ኳ» ካለ ደግሞ ጎሚኒዎቹን ወይም አሞርዛተሩን አሳዩ።

አምስተኛ፣ ዘይት። ተራ ዘይት ከሆነ በ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ደግ ነው፤ አቧራ የሚበዛበት መንገድ ላይ የአየር ፊልትሮውም ቶሎ ይደፈናል። የሞተሯ ጊዜ ጠባቂ ቺንጋ ይሁን ካቴና አጣሩ። ቺንጋ ከሆነ በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አትለፉ፤ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ሊያፈርሰው ይችላል። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ከሆነም «ሲቪቲ» መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፣ የሌላ አይቀበልም።

ስድስተኛ፣ ጎማ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ። «2319» ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው የገፋ ጎማ ይሰነጠቃል። የነፋሱ ልክ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ ተለጥፏል፤ ጎሚስታው በግምት እንዲሞላላችሁ አትተዉት።

«የኔ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ይሄ አይመለከተኝም» የምትሉም አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በዝታችኋል። እናንተም ብትሆኑ የሞተር ዘይት ባይኖራችሁም ጎማ፣ ፍሬንና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላችሁ፤ ብዙዎቹ ላይ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዝ ኩላንትም አለ። ከመናቅ የሚያድን መኪና እስካሁን አልተሠራም። ይህ ክልከላና ከእሱ በፊት በ2012 ዓ.ም. ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ብሎ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ተደምረው ደግሞ እንደኛ ዓይነቷን አሮጌ መኪና አስወድደዋታል። ያበላሸነውን በቀላሉ አንተካም።

ወደ ታሪኬ ልመልሳችሁ። መኪናዋ ጋራዥ እያለች እትዬ በኢሞ ስትደውል «መኪናዋ እንዴት ናት?» ትለኛለች። «ደህና ናት፣ ሰርቪስ ገብታ ነው» እላለሁ። በሳምንቱ «እስቲ አሳየኝ፣ ናፈቀችኝ» አለች። ኔትዎርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁ። እናታችን የሐኪም ቀጠሮዋ ደረሰና በሚኒባስ ተጋፍታ ሄደች። ስትመለስ ወገቧን ይዛ ነው። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

መካኒኩ አንድ ቀን «ባለቤቷ ታውቃለች?» አሉኝ። «አታውቅም» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተም እንደ መኪናዋ መርፌህ ቀዩ ላይ ደርሷል። አሁንም ልትነዳ ነው?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ደወልኩላት። ስለ ስፒከሩ፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሐረጎ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«ሰው ተጎድቷል?» አለችኝ።

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው አብሽር። ብረት ነው፣ ይሠራል።» ትንሽ ቆየችና ደግሞ «ግን ወንድምዬ፣ ክዳኗ ስንት ነበረች?» አለች።

መናገር አቃተኝ። ዋጋው ከአንዱ ስፒከር ሩብ አይሞላም ነበር።

መኪናዋ ተሠርታ ወጣች። ስፒከሮቹንና የመቀመጫ ልብሱን ሸጥኩ፤ ከጋራዡ ሂሳብ ግን ጥቂቱን ብቻ ነው የሸፈነው። የቀረውን እትዬ ላከች። እሱን ለመተካት የሥራ ውሏን አንድ ዓመት አራዘመች። አንድ ዓመት! በእኔ አንድ ክዳን! ልትመጣበት አስባ የነበረው በዓል እሷ ሳትኖር አለፈ። እናታችን ቡናውን አፍልታ የእሷን ሲኒ ባዶውን ደረደረች።

ልጅቷስ? ለምትሉ፣ አሁንም እንነጋገራለን። ያን ቀን ያበሳጫት መኪናዋ መቆሟ እንዳልሆነ ነግራኛለች። «ጠየቅኩህ፣ ዋሸኸኝ» ነው ያለችኝ። እኔ ያፈርኩት በመቆም፣ እሷ የታዘበችኝ ባለመቆሜ!

እናንተም በእጃችሁ ያለው መኪና የአባታችሁ፣ የእህታችሁ ወይም የዕቁባችሁ ገንዘብ ከሆነ እሑድ ጠዋት አሥር ደቂቃ ስጡት። ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱን፣ ውኃውን፣ ጎማውን እዩ፤ ሥሩን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የተበላሸ ነገር ካለ ደግሞ ለባለቤቱ ዛሬውኑ ንገሩት። እኔ አሁን እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ሳምንት ሳምንት መርፌዋን በኢሞ ለእትዬ አሳያታለሁ። መሐል ላይ ናት። እትዬም ትስቃለች።

ቸር ይግጠመን!