በሠርግሽ ቀን አጠገብሽ ስለሚቆሙት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ወደ ሠርግሽ የምንመጣበት ቪዛ እንዳልሆነ በስልክ ተነጋግረናል፤ ደግሜ አላነሣውም። ብዕር ያነሣሁት የማዝሽ ነገር ስላለኝ ነው። በስልክ ስንጀምረው ሁለታችንንም እንባ ይቀድመናል።

ቀኑን በሐምሌ አጋማሽ መቁረጣችሁ ልቤን አሳርፎታል። እዚያ አሜሪካ ሰው በጁን ማግባት እንደሚወድ አውቃለሁ። ለእኛ ግን ጁን አብዛኛውን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ነው፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ገብቶ ሐምሌ 5 ይፈታል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በሁለቱ ጾሞች መካከል የምትቀረው ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለችው ጊዜ ናት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ልጆቻችን እዚያችው ላይ ስለሚጋፉ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ካህኑንም ዛሬውኑ ያዙ።

ወረቀቱንም አደራ። የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው ከመኖሪያችሁ ሳይሆን ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው። ቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆንም ተክሊሉ ዋሽንግተን ስለሆነ ፈቃዱም የዋሽንግተን ይሁን። ሜሪላንድ ብትፈጽሙት ኖሮ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ 48 ሰዓት ያስጠብቃችሁ ነበር። ካህኑ በከተማው ፍርድ ቤት ጋብቻ ለመፈጸም የተመዘገቡ መሆናቸውን ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በዚያ አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም የጸና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የእናትና የአባት ወገን ሁሉ የሚጠራው ለመብል ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን። ያ የበላ ሰው ነገ ባልና ሚስት ሲጋጩ ገብቶ የማስታረቅ መብት አለው፤ ግዴታም አለበት። በእኛ ዘመን አንደኛ ሚዜ ለሙሽራዋ እንደ ወንድም ነበር። ባሏ ቢበድላት መጀመሪያ የምትነግረው ለእሱ ነበር፤ እሱም ከጓደኛው ይልቅ ለእሷ ይቆም ነበር። እዚያ ግን ጎረቤትሽ ስምሽን አያውቅም፤ አክስትሽም ፊትሽ መጥቆሩን አይታ «ምን ሆንሽ?» ብላ በር አታንኳኳም። ስለዚህ በዚያ ቀን ማንን አጠገብሽ እንደምታቆሚ ከአዳራሹም ከመኪናውም አስቀድመሽ አስቢበት። በክፉ ቀን ከሌሊቱ በየትኛውም ሰዓት ልትደውዪላት የምትችዪዋን ጓደኛ አንደኛ ሚዜ አድርጊ። ቁመቷ ከሌሎቹ ጋር ባይመጣጠን፣ ቀሚሱም ባይሄድላት ግድ የለም።

አሜሪካ የገባሽ ጊዜ ከኤርፖርት ተቀብለው፣ ሥራ እስክትይዢ ድረስ ኪራይ ሳይጠይቁ ቤዝመንታቸውን የሰጡሽ እትዬ በእናት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ከቤት ስትወጪ የእሳቸውን ጉልበት ሳሚ፤ ይመርቁሽ። ለእኔ ያሰብሽ መስሎሽ ወንበሩን ባዶ እንዳታደርጊው አደራ። እሳቸውን ታስቀይሚያለሽ፤ እንግዳውም እያየ ያዝናል። እኔ አልቀናም፤ ይህን ከልቤ ነው የምጽፍልሽ። ታመሽ በተኛሽ ጊዜ አጥሚት ያጠጡሽ እሳቸው ናቸው። እዚያ ብሆን ኖሮ ከዚያ የበለጠ ምን አደርግልሽ ነበር? በአባትሽ ቦታ ከዴንቨር የሚመጣው አጎትሽ ይቀመጥ፤ አባትሽም ተስማምተዋል።

አብረውሽ ሆስፒታል የሚሠሩት ፊሊፒናዊቷና ጋናዊቷም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መምጣት እንደሚፈልጉ ነግረሽኛል። ይምጡ እንጂ! ግን አስቀድመሽ አስረጃቸው። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም ማለዳ ይጀመራል፤ ሰዓታትም ይወስዳል። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፤ የሴትና የወንድ መቆሚያው ለየብቻ ነው። ቀለበቱ፣ ካባው፣ ቅብዓ ቅዱሱና አክሊሉ እያንዳንዳቸው ጸሎት አላቸው፤ ከዚያ አብራችሁ ትቆርባላችሁ። አንዲት እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ ከጎናቸው ትቁምና ቀስ ብላ ትንገራቸው። ሁለት ትርፍ ነጠላ ከልብስሽ ጋር እልካለሁ፤ የእነሱ ነው።

የመልሱን ቀሚስ ራሴ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ነው ያሠራሁት። ጥለቱ አንቺ የመረጥሽው ነው፤ እጅጌው ላይ ብቻ ሸማኔው የመከሩኝን ሰማሁ። የምታመጣልሽ ልጅ በእጅ ሻንጣዋ እንድትይዘው ለምኛታለሁ። በርበሬውና ሽሮው ግን ከታች ይጫናል።

ስለ አዳራሹ ብዙ አልልም። የእኛ ሰው ካርድ ሲደርሰው እመጣለሁ ወይም እቀራለሁ ብሎ አይመልስም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። ወንበር ጨምሩ። በክሬዲት ካርድ ግን አትደግሱ፤ ገንዘቡ ካነሰ የሚቀነሰው አበባውና ሊሞዚኑ ይሁን። መልሱን እትዬ ቤት አድርጉት፤ ዶሮውንም ጓደኞችሽ ይሥሩት። አርብ ማታ ሽንኩርት ሲከትፉ አብረሻቸው ቁጭ በይ። ሙሽራ ናት ተብለሽ ፀጉር ቤት ውለሽ አትቅሪባቸው፤ ከሠርጉ ሁሉ ዕድሜ ልክ የምታስታውሺው ያን ማታ ሊሆን ይችላል።

ስልኩን አንድ ሰው ይዞ አንድ ቦታ ያቁመው። እዚያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቻለሁ፤ እልልታው ከዚህም ይሰማሽ። ማታ አዳራሽ ስትገቡ እዚህ እኩለ ሌሊት ያልፋል። አንተኛም፤ አንቺ ግን ስልኩን ፍለጋ አትባክኚ። ዓይንሽ እዚያ ያሉት ሰዎች ላይ ይሁን።

ከሠርጉ በኋላ ስላለው ኑሮ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። እዚያ ካሉ ከማውቃቸው ትዳሮች መካከል አንዳንዶቹን ያናጋቸው ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። መላኩ አይደለም ጠብ የሚያመጣው፤ ተደብቆ መላኩ ነው። ለእኛ የምትልኪውን ባልሽ ይወቀው፤ እሱም ለእናቱ ሲልክ አንቺ እወቂ፤ ስትልኪም ደስ ብሎሽ ላኪ። ለሁለቱም ቤት በወር ስንት እንደሚላክ ከሠርጉ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቁረጡ። ካልበቃ ከእኛ ይቀነስ። ወንድምሽ ወይም ሌላ ዘመድ ለብቻሽ ደውሎ ቢለምንሽ «ከባለቤቴ ጋር እንመካከራለን» በይው። ቅር ቢለውም ይበለው፤ እኔ አስረዳዋለሁ።

ሁለታችሁም ፈረቃ ስለምትሠሩ አንዱ ሲገባ አንዱ የሚወጣባቸው ሳምንታት ይኖራሉ። ቂም የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው፤ ያልተነገረ ነገር ያድራል፣ ይከርማል። አሁኑኑ ሁለት አስታራቂ ምረጡ፤ አንድ እሱ የሚያከብራቸው፣ አንድ አንቺ የምታከብሪያቸው። ከሠርጉ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ «ስንጣላ የምንመጣው ወደ እናንተ ነው» ብላችሁ ንገሯቸው። ሠርጉ ላይም ከፊት አስቀምጧቸው። ጠባችሁ ከእነሱ አልፎ የጓደኞችሽ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይወጣ፤ ለእኔም ቢሆን እነሱ ሳይሰሙ አትንገሪኝ። እናት ነኝና የአንቺን ብቻ ሰምቼ እፈርዳለሁ። አንቺ ይቅር ካልሽው በኋላም እኔ ሳልረሳው እቀራለሁ።

ለልጄ ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ሽማግሌ ልኮ በወጉ ስለጠየቀን አባትሽ እስከ ዛሬ ያመሰግኑታል። ከመልሱ በኋላ ባለው እሑድ ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ደውሉልኝ። ለብቻሽ አትደውዪ፤ እሱንም ማናገር እፈልጋለሁ።

ወልዳችሁ ሳሙ፤ ቤታችሁ የሞላ ይሁን።

እናትሽ