ከተዘጋ ቤተ መዘክር ስለሚወጡ ዕቃዎች

በእንግሊዝ አገር ኮልቪል በምትባለው ከተማ የነበረው የስኒብስተን የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። በ1992 ሥፍራው ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ፤ የአውራጃው ምክር ቤት ግን ገንዘብ ለመቈጠብ ሲል በ2015 ዘጋው። ከጕድጓዱ በላይ የቆመው የብረት ማማ ዛሬም አለ፤ ማማስ ከሩቅ ይታያልና ጠባቂ አያጣም። እኛን የሚያሳስበን ትንንሹ ዕቃ ነው።

በዚያ አገር ቈፋሪው ፋኖሱን ሲቀበል ቍጥሩ የተቀረጸበትን የናስ ምልክት ትቶ ይወርድ ነበረ። ምልክቱ ካልተነሣ ሰውየው ገና ከምድር በታች መሆኑ ይታወቃል፤ አደጋም በደረሰ ቀን የጐደለው የሚለየው በዚሁ ነበረ። እንግዲህ ይህ ናስ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲዛወር የማን እንደ ነበረ ካልተጻፈ፥ ከተራ ቍራጭ ብረት በምን ይለያል?

ፋኖሱም እንደዚሁ ነው። ዴቪ በ1815 የሠራው ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከበበ ነው፤ በኋላ የስኒብስተንን ጕድጓድ ያስቈፈረው ጆርጅ ስቲቨንሰንም በዚያው ዓመት የራሱን ሠርቶ ነበርና፥ ስለ ቀዳሚነቱ ብዙ ተከራክረዋል። ሁለቱንም «አሮጌ ፋኖስ» ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ ባይመዘግብ ይሻል ነበር እንላለን።

ዕቃን መለካትና ፎቶግራፍ ማንሣት ለነገ ቢቈይ አይጐዳም። ነገር ግን ጕድጓዱ በተዘጋ ጊዜ የሃያ ዓመት ጐልማሳ የነበረው ቈፋሪ ዛሬ ስድሳን አልፏል። የምሳው ቈርቈሮ ስለ ምን በዳቦ ቍራሽ መልክ እንደ ተሠራ፥ ማለዳም ማን ይሞላለት እንደ ነበረ የሚያውቅ እርሱ ነው። መዝጋቢው አስቀድሞ ወደዚህ ሰው ቤት ይሂድ።