ዲኤንኤ ይለየው አሉ

ዛሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ፣ በአደይ አበባ የተነሳ ታክሲ ውስጥ ልንደባደብ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ጠቡን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ታውቋታላችሁ፤ እዚህ ገጽ ላይ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ወዳጅ ያላት። አስተማሪዋ የአደይ አበባን ሳይንሳዊ ስም ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸዋል። እሷም ጠዋት ከላይ ከዳገቱ ሁለት እስር ለቅማ፣ ስልኬን ነጥቃ፣ አበባ እለያለሁ የሚለውን መተግበሪያ ከፍታ አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች። ሁለቱም እስር ከአንድ ዳገት ነው የመጣው፤ ከእናንተ ሳሎን ከማይሰፋ ቦታ። ለመጀመሪያው «ባይደንስ ማክሮፕቴራ» አለ። ለሁለተኛው «ኮርዮፕሲስ» ብሎ፣ አሜሪካ ውስጥ በሰው ግቢ የሚተከል አበባ ፎቶ ደረደረ።

«አክስቴ፣ የትኛው ነው እውነተኛው አደይ?» ጮክ ብላ ነው። ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባትም።

ከፊት የተቀመጡ እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ አደይ አደይ ነው። ክረምት ሲወጣ ይፈነዳል፣ በጋው ሲገባ ይረግፋል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። ረዳቱ «ያኛው ዲቪ ደርሶት ሄዶ የተመለሰ ነው» ብሎ ታክሲውን አሳቀው። ከኋላ ወንበር ደግሞ ሻርፕ የጠመጠሙ አንድ ጋሼ በዳኛ ድምፅ «ምን ያጨቃጭቃል? ዲኤንኤው ይመርመርና ይለይ። ዘመኑ የዲኤንኤ ነው» አሉ። እናትየው «እግዜር የሰጠንን አበባ በምርመራ?» ብለው ተቆጡ። ጋሼም «እናቴ፣ ሳይንስ ነው እኮ!» ብለው ተቆጡ። ቀበና ስንደርስ ታክሲው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር። ሹፌሩ ሳይቀር ከእናትየው ጋር ወገነ።

እኔ ዝም አልኩ። በዚህ ጉዳይ ዝም ስል አይታችሁኝ ስለማታውቁ፣ ያልተናገርኩት እዚህ ይወጣል። ቻሉኝ።

ከእናትየው ልጀምር። አደይ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። ማክሮፕቴራ አለ፣ ፕሬስቲናሪያ አለ፣ ፓኪሎማ አለ። ሁሉም ባይደንስ የሚባለው ወገን ናቸው፤ ሁሉም ዝናቡ ሲያባራ ቢጫ ይለብሳሉ። ለእንቁጣጣሽ ከየትኛው እንደሚለቀም የሚጠይቅ የለም፤ ልጆቹም አበባየሆሽ ሲሉ ፍሬውን በማጉያ መነጽር አይመረምሩም። ደግሞ ይህን ስሙ፦ ሜዳ ላይ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ሱሪያችሁ ላይ ተሰክቶ የሚያስመርራችሁ ጥቁር መርፌ የመሰለ ነገር፣ አንዳንዱ ሰው የሰይጣን መርፌ የሚለው፣ እሱም ባይደንስ ነው። የዘመን መለወጫ አበባችንና የሰይጣን መርፌ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ታክሲው ውስጥ ብተነፍስ እናትየው ያስወርዱኝ ነበር።

እነዚህን ለይቶ በሥርዓት ያስቀመጠልን ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አይደለም። ዶ/ር መስፍን ታደሰ ናቸው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1984 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን፣ በ1993 የመላ አፍሪካን ባይደንሶች አጥንተው አሳትመዋል። ማክሮፕቴራ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙ ሲጻፍ፣ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚል አለበት። ከዚያ በፊት አበባው የተመዘገበው የት እንደነበር ገምቱ። ኮርዮፕሲስ ውስጥ! የእህቴ ልጅ ስልክ (የእኔ ስልክ ማለቴ ነው) ያን ያህል አላበደም።

የሚለዩበት መንገድ ተንበርክኮ ፍሬውን ማየት ነው። ፍሬው ክንፍ አለው ወይስ የለውም? ጠርዙ ፀጉራም ነው? ጫፉ ላይ ሹል ነገር አለ? ቅጠሉ ምን ያህል ተሰነጣጥቋል? እኛ ግን አደይን የምንወደው በአበባው ሰዓት ብቻ ነው። ፍሬው ደርቆ ማንነቱ በደንብ በሚታይበት ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያኔ ሁላችንም ስለ ሌላ ነገር እያማረርን ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ የመጨረሻው ቅጽ የወጣው በ2009 ነው። የአደይ ቤተሰብ ያለበት ክፍል፣ እኚሁ ዶ/ር መስፍን የጻፉት፣ በ2004 ታተመ። በዚያው በ2004 ኪምቦልና ክሮፎርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የባይደንስንና የዘመዶቹን ዲኤንኤ አነጻጽረው ውጤቱን አወጡ። እንግዲህ ጋሼ፣ ዲኤንኤው ተመርምሯል ማለት ነው። ምን ተገኘ? ባይደንስና ኮርዮፕሲስ እርስ በርስ የተደበላለቁ ሆኑ። አንዳንዱ ባይደንስ ከባይደንስ ይልቅ ለኮርዮፕሲስ ይቀርባል፣ ሌላው ደግሞ በተገላቢጦሽ። ይለያል የተባለው ምርመራ ቀድሞ የተለየውንም አጠራጣሪ አደረገው።

ለልጅቷ «ባይደንስ ማክሮፕቴራ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አስተማሪዋ የሚፈልጉት እሱን ነው። የልጅ ነጥብ ለእንዲህ ዓይነት ክርክር አይገበርም።

ግን በጋሼ አልፈርድም። ዲኤንኤ እኛ ሰፈር የገባው በፍርድ ቤትና በኤምባሲ በር ነው። አባት ነው፣ አባት አይደለም። ያልፋል፣ ይወድቃል። ሰው በዚህ ከለመደው በኋላ አበባውንም እንዲሁ ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

የድሮ ሰፈራችን ሰዎች ይህን ታስታውሱታላችሁ። ስም አልጠራም። ከየካ ሚካኤል በታች፣ ያቺ ቤቷ ሁሌ ዳቦ ዳቦ የሚሸተው ጎረቤታችን። እህቷ ወልዳ ስትሞት ጨቅላውን ከሆስፒታል ተቀብላ መጣች። እሷም ያኔ አራስ ነበረች፤ ሁለቱን በሁለት ጡት አሳደገቻቸው። ክርስትና ስታስነሳው በስሟ፣ ትምህርት ቤት ስታስመዘግበው በስሟ። ልጁ እንኳ ራሱን ከማን እንደተወለደ ጠይቆ አያውቅም፤ ምን ብሎ ይጠይቃል? ከዚያ ባሏ ውጭ አገር ገባና ቤተሰቡን ለመውሰድ ፎርም ሞላ። አንድ ኤምባሲ «የእናትየዋና የልጆቹ ዲኤንኤ ይምጣ» አለ። እነሱ ደስ ብሏቸው፣ ለብሰው፣ ተሽቀርቅረው ሄዱ። ምን የሚደብቁት ነገር አለና። ጉንጫቸውን በጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረጓቸው። ልጆቹ ኮረኮረን ብለው ሲስቁ ዋሉ።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ያኛው ልጅሽ አይደለም ተባለች።

ልክ ናቸው እኮ። ልጇ አይደለም። አክስትና የእህት ልጅ የሚጋሩት ዘረመል ከአራት አንድ እጅ ያህል ነው፤ ማሽኑ ያንንም ያየዋል። ግን «እህትሽ ማን ነበረች?» ብሎ የጠየቃት የለም። ጥያቄው አንድ ነበር፤ እናት ናት ወይስ አይደለችም? መልሱም አንድ ሆነ። ከዚያ ፋይሉ ላይ «በውሸት የቀረበ» ተብሎ ሁሉም ነገር ተበላሸ። እሷ ቀረች። «አንዱን ጥዬ አልሄድም» አለች፣ ቀረች። ልጁ አሁን ጎረምሳ ነው። በእሱ የተነሳ እንደቀረች ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አይነጋገሩም። እኔ ደግሞ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነኝ፣ «ዲኤንኤ ይለየው» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ይቅርታ። ስለ አበባ ነበር።

አዎ፣ የአባትነት ጥያቄ አዎን ወይም አይደለም አለው። የዝርያ ጥያቄ ግን እንዲህ አይገላገሉትም። አንድ ተክል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ራሱ አንድ ታሪክ አይናገርም። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ዕፅዋት የክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ይወረሳል፣ የኒውክለሱ ከሁለቱም። ሁለቱን ለየብቻ አንብባችሁ የዘር ሐረግ ብትሠሩ፣ አንዱ «ይሄ የባሌው ዘመድ ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ የሰሜኑ ነው» ሊል ይችላል። ድሮ የሆነ ጊዜ ተዳቅለው ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። የትኛውን ታምናላችሁ? እዚህ ላይ ማሽኑ ጥሏችሁ ይሄዳል።

አራቢስ አልፓይና የምትባል ነጭ ትንሽ አበባ አለች፣ የጎመን ቤተሰብ። የአውሮፓ አልፕስ ላይ አለች፣ እኛም ከፍተኛ ተራሮች ላይ አለች። በ2007 ፕሮፌሰር ስለሺ ነሞምሳ ያሉበት የአዲስ አበባና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን ዘረመሏን ሲመረምር፣ ወደ አፍሪካ የገባችው ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሐረጎች የተገናኙት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንድ ናት ሁለት? የዕፅዋት መጽሐፉ አንድ ይላታል። ያው ቡድን በዚያው ዓመት በጅብራ ዘመድ ላይ፣ ሎቤሊያ ጂቤሮዋ ላይ ሠርቶ፣ በአንድ ተራራ ላይ ያሉት እርስ በርስ በጣም ሲመሳሰሉ በተራራና በተራራ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አገኘ። በዲኤንኤ ብቻ ቢፈረድ ለየተራራው አንድ ስም ይወጣ ነበር።

አበባ ካልበቃችሁ ቀበሮን ጠይቁ። በየሜዳችን የምናየው ተራው ቀበሮ፣ ቀዩ አይደለም፣ የእስያው ወርቃማ ቀበሮ ነው ሲባል ኖረ። በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰደ ናሙና ታይቶ የግራጫ ተኩላ ወገን ነው ተባለ። በ2015 ደግሞ ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ ነው ተባለ። በ2018 ሙሉ ጂኖሙ ሲነበብ 72 በመቶው ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶው ከእኛው ቀይ ቀበሮ የተቀዳ ክልስ ሆኖ አረፈው። በሰባት ዓመት ሦስት ፍርድ። ቀበሮው ይግባኝ አላለም፤ በግ ይበላል።

ይሄ እኔ ታክሲ ውስጥ የፈላሰፍኩት አይደለም። በ2017 ሱኩማራንና ኖልስ የሚባሉ ሰዎች በዘረመል ዝርያ ቆጠራ ላይ በሰፊው የሚሠራበትን ስሌት ፈትነው፣ የሚያሳየው በሕዝቦች መካከል ያለውን መለያየት እንጂ ዝርያን አይደለም ብለው ጽፈዋል። በየሸለቆው የተከፋፈለ ሁሉ «ዝርያ» እየተባለ ይቆጠራል ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ናሙናው ነው። አንድ አደይ ከእንጦጦ፣ አንድ ከጉና፣ አንድ ከባሌ ወስዳችሁ መርምሩ፤ ልዩነት ታገኛላችሁ፣ ድንበርም የሚመስል ነገር ታያላችሁ። በመካከል ያሉትን ኮረብቶች ጨምሩ፤ ድንበሩ ይቀልጥ ይሆናል። ላይቀልጥም ይችላል! ግን ይህን ለማወቅ ሰው በእግሩ ወጥቶ በየኮረብታው ቅጠል መልቀም አለበት። ቅጠሉ የሚደርቀው በሲሊካ ጄል ነው፤ ያቺ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኝ፣ አትብሉ የሚል የተጻፈባት ከረጢት። ተማሪ እያለን ለእሷ ስንል መርካቶ ጫማ ተራ ገብተን ባለሱቆቹን ለምነናል። አንዱ «ጫማውን ሳትገዙ ውስጡን?» ብሎ አባርሮናል። የአገራችን ጂኖሚክስ እዚያ ነው የጀመረው ብል ውሸት አይደለም፤ ቢያንስ የእኔ።

አሁን ከየካ በላይ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ነው። ከሥሩ የሚበቅለው ጥቂት ነው። አደዩ የቀረው መንገድ ዳርና ገላጣው ሣር ላይ ነው፤ ዛሬ እንኳ ልጅቷ የለቀመችበት ቁራጭ መሬት ግራ ቀኙ ተቆፍሯል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ የካ ጫፍ ያለው መካከሉ እየተበጣጠሰ ነው። አንድ ቀን የሆነ ተማሪ፣ የተሻለ ማሽንና የተሻለ ሲሊካ ጄል ይዞ፣ ከሁለቱ ጫፍ ይለቅማል። ጥርት ያለ ልዩነት ያገኛል። አዲስ ዝርያ ብሎ ያሳትማል፤ ኮሚቴ ያጨበጭብለታል። ዝርያውን ግን ተፈጥሮ አልሠራችውም። መካከል ያሉትን ጠርገን እኛ ነን የሠራነው። ድንበር በዶማም ይሠመራል ለካ!

እና ኮሜንት ላይ «ታዲያ ባሕር ዛፉ ይቆረጥ» የምትሉኝ እንዳላችሁ ከአሁኑ አውቃለሁ። ሴቶቹ ከዚያ ዳገት በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት እንጨት ነው የብዙ ቤት እንጀራ የሚጋግረው። ይህን ክርክር ባለፈው ሞክረነው እዚህ ገጽ ላይ የተፈጠረውን ታስታውሳላችሁ። ዛሬ አቅም የለኝም። በቃኝ፣ ደህና እደሩ።