ታናሻችን ብቻዋን ልትሄድ ነው

እኛ ብቻችንን ድንበር ተሻግረን አናውቅም። ሽሮ ሜዳ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የምንሸጥ፣ አንድ ዕቁብ የምንጥል ሰባት ሴቶች ነን። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ድረስ ዕቃ ማድረስ ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ግን ሁልጊዜ ከፊት እትዬ ነበሩ። ትኬት የሚቆርጡት እሳቸው፣ ከሹፌር ጋር የሚከራከሩት እሳቸው፣ ወረፋ ላይ ከፊት ቆመው የሚመልሱት እሳቸው። እኛ ከኋላ ከኋላ እንደ ጫጩት መከተል ነው። ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ሐኪሙም ረጅም መንገድ ተቀምጦ መሄድ ከለከላቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ዓመት እንዘል ነበር። ኢስሊ ያለ አንድ ባለሱቅ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ያልከፈለን 64,000 ሽልንግ አለ። ገንዘቡ የዕቁባችን ነው፤ ለገና የምናስሸምነው ክር የሚገዛውም በእሱ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እትዬ ድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በስልክ ስንጠይቀው ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ሰው ላኩና ሒሳቡን ተያይተን እከፍላለሁ» ይላል። ሁለት ሆነን እንዳንሄድ የሁለት ሰው መሳፈሪያና አልጋ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ አንዷ ብቻዋን መሄድ አለባት። ፓስፖርቷ ያላለቀባት፣ እንግሊዝኛም ትንሽ የምትሞክረው ታናሻችን እሺ አለች። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን ለሁላችንም ተራ በተራ ደወለች፤ ሆዷን ባር ባር ብሏታል።

«አይዞሽ» አልናት፤ አልሠራም። ሦስተኛው ቀን ላይ እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩንና «የምትፈሪውን አንድ በአንድ ተናገሪ፣ ዝም ብሎ ፍርሃት የሚባል ነገር የለም» አሏት። እኛ ሌባ ትላለች ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ያለችው ሌላ ነው። ሌሊት ናይሮቢ ብደርስ የት እሄዳለሁ? ኬላ ላይ ሲጠይቁኝ ቋንቋ ቢጠፋብኝስ? መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም ሴት ብቻዋን እንዴት ወርዳ ትጸዳዳለች? አንድ ወንድ ከጎኔ ተቀምጦ አልላቀቅ ቢለኝስ? በመጨረሻም፣ እኔ እዚያ ሆኜ እናቴ ብትታመምስ? የመጨረሻውን ስትናገር አለቀሰች። እኛም ሁላችንም ይህንኑ እንደምንፈራ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕቅድ የእሷ ብቻ አልሆነም።

መጀመሪያ በአውሮፕላን ትሂድ ያልን ነበርን። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኬላ የለ፣ ሜዳ ላይ መውረድ የለ። ዋጋውን ስንሰማ ግን ዝም አልን። ለማንኛውም ሐሳቡን አልጣልነውም። መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም አይደለም ከተባለ ካለችን ጨምረን በአውሮፕላን እንልካታለን። ይህን ከሁለቱም በኩል የሚመላለሱ ሹፌሮችን የምንጠይቀው ከመነሳቷ በፊት ባለው ቀን እንጂ ከወር በፊት አይደለም፤ የመንገድ ወሬ እንደ ወተት ነው፣ ቶሎ ይበላሻል።

በመሬት ከሆነ ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢም ሌላ ያንኑ ያህል አለ። እትዬ በጀመሩበት ዘመን ከሞያሌ ወዲያ እስከ ኢሲዮሎ አስፋልት አልነበረም። በከብት ጫኝ መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ በላይ ብረት ይዘው፣ በወታደር አጀብ ይሄዱ እንደነበር ሲነግሩን እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም። አሁን አውቶቡስ አለ። የኛ ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን ዲላ አድሮ፣ በማግስቱ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ በቀን መግባት ነው። በአንድ ቀን ቸኩለው ሞያሌ በጨለማ የሚገቡ አሉ፤ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት የአንድ አልጋ ዋጋ ማትረፍ ለዚህ አያበቃም። ሞያሌም የምታድረው በኢትዮጵያ በኩል ነው፤ ብሩም ስልኩም ቋንቋውም የራሷ በሆነበት። ጠዋት ተሻግራ፣ ከሰዓት በኋላ አምሽቶ የሚነሳውን አውቶቡስ ትይዛለች። ጠዋት የሚነሳው ናይሮቢ በሌሊት ይጥላታል፤ አምሽቶ የሚነሳው ሲነጋጋ ያደርሳታል። ከነጋም በፊት ከደረሰ ከአውቶቡሱ ቢሮ ንቅንቅ አትልም። ፀሐይ ሳትወጣ ማንም «ታክሲ፣ ታክሲ» ቢላት መልሷ «ሃፓና» ነው፤ አይሆንም ማለት ነው። ይህችን ቃል በቁጣም በፈገግታም አለማመድናት፤ በፈገግታዋ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኛ ግን በቁጣው ነው የምናምነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ለዜጎቻቸው ቪዛ ሳይጠያየቁ የቆዩ አገሮች ናቸው፤ ቢሆንም ደንብ ስለሚቀያየር ከጉዞው በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ አይከፋም። የቢጫ ወባ ካርድ ግን የግድ ነው። ክትባቱ ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው ካርዱ አይጸናም፤ ስለዚህ የመነሻው ሳምንት አይወጋም። አንዴ ከተወጉ ደግሞ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለዕድሜ ልክ ነው፤ «ዐሥር ዓመት አለፈው» ብሎ የሚያስፈራራ ቢመጣ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ሞያሌ ላይ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ነው የሚሠሩት። እዚያ ሁለት ነገር ታያለች፤ የመውጫው ማኅተም መመታቱን፣ የመግቢያውም መመታቱንና ስንት ቀን እንደሰጧት። ሳታነብ ከመስኮቱ አትነሳም። ከኋላዋ ወረፋው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ይህን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለን። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ብዙ ኬላ አለ፤ ፖሊስም ወደ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወረቀት የሚያልፉ የአገራችንን ልጆች ስለሚፈልግ፣ ሐበሻ መልክ ሲያይ ቀድሞ ወደዚያ ነው የሚመጣው። ማኅተሙ ያለበትን ገጽ ከፍታ ትሰጣለች፣ ተቀብላ ወዲያው ደረቷ ውስጥ ትመልሳለች። «እኔ ልያዝልሽ» ለሚል አጃቢ፣ ረዳትም ቢሆን፣ አይሰጥም። ሞያሌ ላይ ደግሞ «ለአረብ አገር ሥራ አለ» የሚሉ ደላሎች ወጣት ሴት ብቻዋን ሲያዩ ይጠጋሉ። መልሷ አጭር ነው፤ «ነጋዴ ነኝ፣ እህቶቼ እየጠበቁኝ ነው»። እየጠበቅናት ነውና ውሸት የለበትም።

ቋንቋን ያህል ያስፈራት ነገር አልነበረም፤ ቀለል ያለላትም እሱ ነው። ከመካከላችን አንዷ የቡሌ ሆራ ልጅ ናት። ኦሮምኛ ከሞያሌ ወዲያም ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ድረስ እንደሚሠራ፣ ቦረና በሁለቱም በኩል እንዳለ ነገረቻትና ሰላምታውን አስጠናቻት። ኪስዋሂሊውን ደግሞ በነጋዴ ጆሮ ነው የያዝነው። ገበያ «ሶኮ» ነው፣ የኛው ሱቅ። ሰባት «ሳባ» ነው። ሺህ «ኤልፉ» ነው፤ እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው፣ በኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ነውና ስድሳ አራቱን ኤልፉ ስድሳ አራት እልፍ አድርጋ ብትሰማው ባለሱቁ ይደነግጣል። «ዱካ» ሱቅ እንጂ የእግር ዱካ አይደለም። ሴትን «ዳዳ» ወይም «ማማ» ይላሉ፤ ዳዳ እህት ማለት ነው፣ አትቆጪ አልናት።

ሰዓቱ የራሱ ጨዋታ አለው። ኪስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳ ምቢሊ» ጠዋት ካላት የኛው ሁለት ሰዓት ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት ካለ ግን የኛ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈውም የእንግሊዙ ነው፤ 17:00 ካለ ማታ 11 ሰዓት። ስለዚህ ሰዓት ሲነግሯት ሁልጊዜ ጸሐይዋን እያሳየች ትጠይቃለች፣ ከዚያም በወረቀት ታስጽፋለች። ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ የሁለቱም ቀን ያለበት ካላንደር በስልኳ ጭነናል።

ገንዘቡን በሦስት ከፈልነው። ለመንገዱ የሚበቃው ትንሹ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ የሚሰረቅም ከሆነ እሱ ይሰረቅ። ሁለተኛው መቀነቷ ውስጥ ተሰፍቷል። ሦስተኛውን ለመናገር አንፈልግም። ዕዳውን ስትቀበል መንገድ ላይ አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ በር ተዘግቶ፣ የእትዬ ደብተር ከባለሱቁ ደብተር ጋር መስመር በመስመር ታይቶ ነው። እዚያው ምግብ ቤት ያላት የአገራችን ሴት አለች፤ እሷ ትመሰክራለች፣ አልጋም ያዘጋጀችላት እሷው ናት። ኬንያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኤም ፔሳ የለመደ አገር ነው፤ ባለሱቁም በስልክ መክፈል ይቀናዋል። በፓስፖርቷ የኬንያ መስመር አውጥታ የምታስመዘግበው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዛ ከተመለሰች ግን ድንበር ላይ ታስመዘግባለች፤ «ማን ያየኛል» የሚለውን ወሬ አንሰማም፣ የሰባት ሴት ገንዘብ ነው።

ስለ መጸዳዳቱ እትዬ ነገሩን ጨረሱት። እዚያ «ሌሶ» የሚሉት ሰፊ ጨርቅ አለ፤ ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ ሕፃን ይታዘልበታል፣ ሜዳ ላይም ግርዶሽ ይሆናል። ሞያሌ ስትደርስ መጀመሪያ የምትገዛው እሱን ነው። እስከዚያ የራሳችን ጋቢ አለ፤ ማርሳቢት ተራራ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢው ለብርዱም ያስፈልጋታል። ወንበሯ ከሹፌሩ ጀርባ፣ በመስኮት በኩል ነው፤ ከጎኗ ሴት እንዲያስቀምጡላት ትኬት ስትቆርጥ ትጠይቃለች። ብዙዎቹ ቢሮዎች ሲጠየቁ ያደርጉታል፤ ካልተጠየቁ ግን ማንም አያስብላትም።

ለስልኩም ሥርዓት አወጣን። ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ማኅተም ከተመታ በኋላ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ኢስሊ። ሰባት ቦታ፣ ሰባት ሴት፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ጥሪ። መሐል ላይ መስመር የማይገባበት አለ፤ ስለዚህ አንድ ጥሪ ቢቀር ማንም እንዳይጮኽ፣ ሁለት በተከታታይ ከቀረ ግን የአውቶቡሱ ቢሮና የምግብ ቤቷ እመቤት ጋ እንዲደወል ተስማማን። «ሚጥሚጣው አለቀ» ካለች አጠገቧ የምትፈራው ሰው አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዘግተን መልሰን እንደውልና ድምፃችንን ከፍ አድርገን ወንድሟ ከመናኸሪያው ደጅ እየጠበቃት እንደሆነ እናወራለን። ይህችኛዋ ውሸት ናት፤ እግዜር ይቅር ይላል፤ ከመካከላችን ሙስሊሟም አላህ ይቅር ይላል ብላለች።

ለእናቷ «ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው» ልትላቸው ፈልጋ ነበር። እትዬ አልፈቀዱም፤ እናት የማታውቀው መንገድ ይከብዳል አሉ። ነገረቻቸው። እናቷ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ በአንቺ ዕድሜ መርካቶ ብቻዬን ስሄድ እንኳ ይታማብኝ ነበር» አሉና የጠበል ጠርሙስ አወጡ። የሰፈሩ ሐሜት እንዳለ ነው፤ «ሴት ልጅ ብቻዋን ለምን?» የሚሉት አንድ ቀን ከእሷ ነጠላ በዱቤ ያልወሰዱ ቢሆኑ ኖሮ እንሰማቸው ነበር። ጎረቤታችን ግን በየማታው እናትየውን ልታይ ቃል ገብታለች፤ ያ ትልቁን ሸክም አቅልሎላታል። እንቅልፍ መተኛት ጀምራለች፤ ሆዷ ግን አሁንም ይጮኻል ትላለች።

ሻንጣ ውስጥ ፌስታል እንዳይገባ ለሁላችሁም እናሳስባለን። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱ ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ፣ እስርም ያለበት ነው። እኛ ደግሞ ቆሎውንም በርበሬውንም ጫማውንም በፌስታል የምንቋጥር ሰዎች ነን። ሁሉንም በጨርቅ ከረጢት ቀየርን፤ የተረፈ ጥለት አላጣንም።

የቀረው ክርክር ዕቃ ይዛ ትሂድ ወይስ አትሂድ የሚለው ነው። ግማሾቻችን መሳፈሪያውን ያህል እንኳ ይሸፍን እያልን ነው፤ እትዬ ደግሞ የመጀመሪያ ጉዞ እጅ ነፃ መሆን አለበት ይላሉ። መሐል ላይ ተገናኘን፤ ዐሥር ነጠላ ከነደረሰኙ፣ ጉምሩክ ሲጠይቅ የሚታይ፣ ከዚያ በላይ የለም። እሑድ ማታ ቤቷ ተሰብስበን ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ትወጣለች። ካቃታት አራቱን እናወርዳለን።